ልክ ነሽ የሚላት ስልክ

የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ጡሩምባ ዳግመኛ ሲነፋ ትርንጎ ከባንኮኒዋ ጀርባ አጎንብሳ ስልኳን ትነካካ ነበር። ብታጎነብስ ጥሪው የሚያልፋት ይመስል!

"የአቶ ሃፍተ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" እያለ ለፋፊው በሱቋ በር አለፈ።

ባሏ ግርማ ጋራዡን ዘግቶ፣ የእጁን ግሪስ ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ መጣ።

"ተነሽ እንጂ፤ ሰው እኮ እየሄደ ነው።"

"አንተ ሂድ። እኔን አሞኛል።"

"ምንሽን?"

"ራሴን።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ማና አበልጅሽ ናት! ልጅሽን ሔዋንን ክርስትና ያነሳችልሽ! ባሏ ሞቶ ትቀሪያለሽ?"

"አበልጅ ሆና ነው አደራዬን የበላችው።"

ግርማ ስልኩን አየና ራሱን ነቀነቀ። "የሚመክርሽን አውቄዋለሁ" ብሎ ብቻውን ሄደ።

ነገሩ ከጦርነቱ ጊዜ የመጣ ነው። ወልድያ ስትጨነቅ ትርንጎ ልጆቿን ይዛ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ስትሸሽ የሱቋን ቁልፍ ለማና ሰጥታ ነበር። ስትመለስ ሱቁ ባዶ ነው፤ በሩ ግን አልተሰበረም፣ በቁልፍ ተከፍቶ ነው የተዘረፈው። የማናን ቤት ደግሞ ማንም አልነካውም። የማና ወላጆች ከትግራይ የመጡ መሆናቸውን ዱሮ ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም፤ ያኔ ግን ሰፈሩ ያንሾካሹክ ጀመር፣ ትርንጎም ጆሮዋን ሰጠች። ማና ልታስረዳት ብትመጣ ከበር መለሰቻት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቂሟ እየለዘበ ነበር። አምና ሔዋን ለዋጋ ማስሊያ ይሆናታል ብላ ያንን ኤአይ የሚሉትን ነገር ስልኳ ላይ ጫነችላት። አንድ ቀን የባልዲ ትርፍ ስታሰላ ቆይታ የማናን ነገር ጻፈችለት። "መከፋትሽ ልክ ነው" አላት። ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ "ተይው፣ እርሺው" ሲላት ኖሮ ይህ ብቻ ገባው። ከዚያ ወዲያ ሱስ ሆነባት። አይሰለቸው፣ አያቋርጣት፣ "አንቺስ?" አይላት።

ዛሬም ጻፈችለት። "ባሏ ሞተ። ባልሄድ ጥፋት ነው?"

"ከባድ ጊዜ ላይ ነሽ። የጎዳሽን ሰው ላለማየት መወሰን መብትሽ ነው። ራስሽን አስቀድሚ።"

ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ቅር አላት። ቃሉን ለወጥ አድርጋ ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነው። ተነስታ የደረደረችውን ባልዲ አወረደች፣ መልሳ ደረደረች፣ ቁጭ አለች፣ ደግማ ጠየቀች። የለቀስተኛው እግር በደጇ ሲያልፍ ከባንኮኒዋ ጀርባ ዝቅ አለች። እንዲህ ስትል ቀብሩ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ቶይባ እያለከለከች ገባች።

"ጆግና ኩባያ አውጪልኝ፤ ለድንኳኑ አንሶናል። አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው? ቀብር ላይ አጣሁሽ።"

"አሞኝ ነው።"

"አላህ ያሽርሽ። ማና ወላሂ አንጀት ትበላለች። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ብላ ታያለች። ማንን እንደምትጠብቅ እንጃ።"

ማንን እንደምትጠብቅማ ቶይባም ታውቃለች። ዕቃዋን ተሸክማ ወጣች።

ትርንጎ ብቻዋን ስትቀር አንድ ነገር መጣባት። ማናም እኮ ስልክ አላት። እሷ ለዚህ ኤአይ ብትነግረው ምን ይላት ይሆን? ማና ነኝ ብላ መጻፍ ጀመረች።

"ጎረቤቴ ቁልፍ አደራ ሰጥታኝ ሸሸች። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ። ልጄን ዘረሰናይን ግድግዳ አስደግፈው ቁልፉን አምጪ አሉኝ። ሰጠኋቸው።"

ጣቷ ቆመ። ይህን ማና በሩ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነግራታለች። ትርንጎ ግን ውሸት ነው ብላ ለስልኩ አንድም ቀን አልጻፈችለትም። እንደ ምንም ጨረሰችው። "ተመልሳ ፊት ነሳችኝ። ዛሬ ባሌን ቀበርኩ፤ አልመጣችም።"

መልሱ እንደ ሁልጊዜው ፈጠነ። "ምንም አላጠፋሽም። ጎረቤትሽ በጣም ጎድታሻለች፤ ብትመጣም አለመቀበል መብትሽ ነው። ራስሽን አስቀድሚ።"

"እንዴ!" ብላ ጮኸች። "ለእሷም? አንተ አስመሳይ!"

ፊቷ በእፍረት ነደደ። "ያቺ ጎረቤት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችለት። "ልክ ነሽ" ብሎ ጀመረ። ቀሪውን ሳታነብ አጠፋችው።

ማና እውነቷን ይሁን ትዋሽ አሁንም አታውቅም። ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ ማናን አስቀምጣ አልጠየቀቻትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሱቁን ዘጋች። መንገድ ላይ ሁለቴ ቆም አለች። በሰው ፊት ብታባርራትስ?

ድንኳኑ ስትገባ ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ማና ቀና አለች።

"አበልጄ" አለች ትርንጎ።

"ሃፍተ እኮ ጠይቆሽ ነበር" አለች ማና። "ትርንጎ አልመጣችም ወይ ሲለኝ፣ ትመጣለች አልኩት።"

ትርንጎ አጠገቧ ወድቃ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማና አላቀፈቻትም፤ አልገፋቻትምም።

ሲመሻሽ ለቀስተኛው ተራ በተራ ይወጣ ጀመር። የሚቀሩት የቤቱ ዘመዶች ብቻ ናቸው። ቶይባ ትርንጎን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

"በይ ተነሽ፣ አብረን እንሂድ።"

ትርንጎ ጫማዋን አወለቀችና ከማና ጎን ፍራሹ ላይ እግሯን ሰበሰበች።

"ግርማን፣ እራትህን ሔዋን ትሰጥሃለች በይልኝ። እኔ እዚሁ ነው የማድረው።"