ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ መሪጌታ ጣሰው ሳልጠረጥር የተመነጠርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከከተማ የመጡ ሁለት ጨዋ መሳይ ሰዎች የደብራችንን ትልቁን የብራና መጽሐፍ ፎቶ እናንሣ አሉኝ። ዕቃ ቤቱን ከፈትኩላቸው፤ የሚጠጣ ውኃ ላመጣላቸው ወጣሁ፤ ስመለስ ሰዎቹም መጽሐፉም የሉም። በፊቴ ሌባ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ግን ጠፋ። የደብሩ አለቃ መምሬ ዘካርያስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ አውልቀው በራሳቸው አንገት አሰሩት። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሰውን የራሴንም ጥላ እጠረጥራለሁ።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ መጽሐፉ ባሕር ዳር ተገኘ ተባለ። ያገኘው የመንደራችን ልጅ ይታየው ነው፤ እዚያ መኪና እየገዛ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። መምሬ ዘካርያስ ጠሩኝና፣ ሄደህ ተረክበህ አምጣ፣ ለሥላሴ በዓል ይድረስ አሉኝ። ቀጥለው ያሉትን አልረሳውም።

«ከዓይንህ ሳይለይ ከመጣ ቁልፉ ያንተ ነው። ከተለየ ግን ብትምልም የሚያምንህ የለም።»

ሐምሌ ስድስት ጠዋት መጽሐፉን ተረከብኩ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጥኩት፤ በወጣትነቴ ራሴ ያንጠባጠብኩትን የሰም ጠብታ ሳገኝ አለቀስኩ። ይታየው መኪናውን ሲያሳየኝ ግን እንባዬ ደረቀ። ቀይ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና ናት፤ እሷ ውስጥ መቀመጥ አስፋልቱ ላይ ከመቀመጥ አይለይም። ይባስ ብሎ አፋቸው በሽቦ የታሰረ ሁለት ማዳበሪያ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከተተ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው አሸዋ ነው አለኝ። የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው፣ ኋላዋ ደግሞ ቀላል ነው፣ ጉና ተራራ ላይ በረዶ ካገኘን ካልከበዳት ትንሸራተታለች አለ።

እስቲ ይታያችሁ፤ ከባሕር ዳር ወደ አገራችን ወደ ጋይንት አሸዋ የሚጭን ሰው ማን አይቶ ያውቃል? በዚያ ላይ ወረታን ስናልፍ ስልክ ተደወለለትና፣ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ዋናውን ከቅጂው ማንም አይለየውም ሲል ሰማሁት። ስጠይቀው ስለ መኪና መብራት ነው አለኝ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። አሸዋው ውስጥ የእኔን መጽሐፍ የሚመስል ሌላ መጽሐፍ ተቀብሯል፤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ሊለውጥብኝ ነው። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ዓይኔን ሳልከድን መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ።

ጾሙ ትናንት ስለተፈታ ይታየው ደብረ ታቦር ላይ ጥብስ አማረውና ከአንድ ሆቴል ግቢ አቆመ። እኔ አልወርድም አልኩት። አልተቆጣም፤ ከበረደዎት ከኋላ ጋቢ አለ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ጭምር ትቶልኝ ሄደ። ቁልፍ እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል? ይሄም ራሱ አስጠረጠረኝ። የሆቴሉ መኪና ጠባቂ ደጉ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ጭቃ የያዘው አይሱዙ ሊያስወጣ ሲሄድ ጠብቄ ወረድኩ። መጽሐፉን በነጠላዬ እንደ ሕፃን አዘልኩና የኋላውን ከፍቼ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ አጠገቡ ያለው ቦይ ውስጥ ዘረገፍኳቸው። ጣቴን እየሰደድኩ ፈለግኩ። አሸዋ ነው። ከሥሩም አሸዋ ነው።

ልመልሰው ብል የቦዩ ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶታል። ባዶ ማዳበሪያ ቢያይ ምን እለዋለሁ? ከአጥሩ ሥር ለበቅሎ የተከመረ ገለባ ነበር፤ እሱን ጠቅጥቄ ሞላሁና አፋቸውን እንደነበረው አሰርኩ። ይለውጡብኛል ብዬ ስሰጋ የዋልኩት ሰው ያን ቀን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ይታየው ጥርሱን እየፋቀ ሲመለስ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊት እደግም ነበር።

ጋሳይን አልፈን የጉናን ወገብ ስንይዝ ሰማዩ ጠቆረና ባቄላ የሚያክል በረዶ ወረደ። ወዲያው አስፋልቱ ገብስ የተሰጣበት አውድማ መሰለ። ይታየው ማርሹን አውርዶ፣ ፍሬን ሳይነካ፣ ነዳጁን እየቆጠበ ቀስ አለ። ግን ዳገቱ መሐል ላይ የመኪናዋ ጅራት ወደ ገደሉ ዞረ። መሪውን ጅራቷ ወደ ሄደበት አዞረው፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ሄደች። እኔ ሥላሴን ስጠራ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ክምር ተደግፋ ቆመች። የኋላ ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከራል።

ይታየው ግራ ገባው። ያ ሁሉ አሸዋ እያለ እንዲህ አትሆንም ነበር ብሎ ወረደ። ከኋላ ሲከፍት ሰማሁ። ሲመለስ እጁ ላይ ገለባ ነበር፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

እርስዎን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግዎት ደብረ ታቦር ላይ መኪናዬን የከፈተ ሰው አለ፣ ጠባቂው ነው፣ አሸዋውን የወሰደ መጽሐፉንም ነክቶት ይሆናል አለኝ። እንመለስ፣ ፖሊስ ሽማግሌውን ይያዘው፣ መጽሐፉም ይመርመር ብሎ ስልኩን አወጣ።

ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ደጉን አላውቀው፣ አያውቀኝ። ነገር ግን ያ መጽሐፍ በጠፋ ማግስት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ እንዴት አደራችሁ ስል፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ሲያልፈኝ ትዝ አለኝ። ያንን ለጠላቴ አልመኝም።

«ስልኩን ተወው» አልኩት። «አሸዋውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ገለባውንም የሞላሁት እኔ።»

«እኔን ነው የጠረጠሩት?»

«ሁሉንም ነው። አንተን ደግሞ ቁልፍ ስለሰጠኸኝ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። በረዶው ትከሻው ላይ እየነጠረ ቆሞ አየኝ። ድንጋይ እንልቀም ብዬ ብጠይቀው፣ በረዶው ሁሉን ቀብሮታል፣ ሕዝቡ መጽሐፉን ሊቀበል ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ስንለቅም ይመሻል አለ። ከዚያ ዕቃ መጫኛውን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«እንግዲህ መሪጌታ፣ አሸዋውን ያፈሰሰ አሸዋውን ይተካል።»

ሥጋ የሞላሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ማዳበሪያ ባልሆን አንድ ተኩል እሆናለሁ። መጽሐፉን ግን ይዤው ልገባ አልቻልኩም፤ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ስለሚታሰር በረዶና ጭቃ ይገባል። ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ በቀበቶም አሰረው። ከዓይኔ ተለየ። እኔ ገለባው ላይ ተጣጥፌ ተኛሁ፤ በክዳኑ ክፍተት የሚታየኝ ከኋላችን የሚቀረው የጎማ ዱካ ብቻ ነው። ከሥሬ ጎማው መሬቱን ሲነክስ ተሰማኝ፤ መኪናዋም እየተጎተተች ዳገቱን ወጣች። በየመታጠፊያው አሁን ለወጠው፣ አሁን ለወጠው እያልኩ ተሠቃየሁ። ኋላ ሲደክመኝ ተውኩት።

ከነፋስ መውጫ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ዳር ሲጠብቅ የዋለው ሕዝብ ጋ ስንደርስ ከበሮውም እልልታውም ቀለጠ። መጽሐፉን ሲያወርዱት ሰማሁ። መምሬ ዘካርያስ፣ ጣሰውስ ብለው ጠየቁ።

«ምን ፊት አለውና ይመጣል?» አለች ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ። ድምጿን አላጣውም። ከክዳኑ ሥር ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ይታየው መጣና ክዳኑን ከፈተ። ጺሜ ገለባ ለብሶ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ በሰው ተደግፌ ወጣሁ። ሳቅ ተነሣ። መምሬ ዘካርያስ ግን አልሳቁም።

«ከዓይንህ ተለይቷል ወይ?»

ይታየው ወደ ሰማይ ያያል፤ አልተለየም ብል የሚመሰክርብኝ አይመስልም።

«ከጉና ጀምሮ ተለይቷል» አልኩ፤ የአሸዋውን ነገር፣ ደጉን ላስይዘው እንደነበር፣ ሁሉንም ሕዝቡ ፊት ተናገርኩ።

እሳቸው ቁልፉን በጣታቸው ነካ አድርገው መልሰው ከቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቃል ቃል ነው፤ አልተቀየምኩም ብል ግን እዋሻለሁ። ማንጠግቦሽ መጣችና ጺሜ ላይ ያለውን ገለባ መልቀም ጀመረች። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደምን ዋሉ አለችኝ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት።

ቁልፉ ዛሬም መምሬ ዘካርያስ አንገት ላይ ነው። በዓሉ ባለፈ ማግስት ወንዝ ወርጄ ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ሞላሁ፤ በአህያ አስጭኜ አስፋልቱ ዳር ይታየው መኪናውን ካቆመበት አደረስኩ። ሲመለስ ደጉን ይቅርታ እንዲጠይቅልኝ አደራ አልኩት። ማዳበሪያዎቹንም ፈትተህ እያቸው አልኩት።

«አሸዋ አይደለም እንዴ?» አለና ሳይፈታ ጫናቸው።