ቄጠማ የለበሰ ጉድጓድ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ሰፈር ጉድ ግን መስከረምን ተሻግሮ ጥቅምት ላይ መጣ።

እኔ ዙሃራ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለው ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ልጄ መርየም ከምትማርበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ነው። በሩ አጠገብ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። የብረት ክዳኑን ክረምት ላይ ሌባ ወስዶት አፉን ከፍቶ ቀረ። ሽታው የበሉትን ያስመልሳል። ለዳይሬክተሯ ለወይዘሮ ፀዳለ ብንነግራት፣ ከአጥር ውጭ ያለ ነገር እኔን አይመለከተኝም አለች። ይመለከተዋል የተባለው ቢሮ ስንሄድ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው ብለው መለሱን። እንዲህ ሲቀባበሉን ትምህርት ተከፈተ።

ስለዚህ ዘበኛው ጋሽ ወልደ ሚካኤልና እኔ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግን። እሳቸው ትልቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙ፤ እኔ ጫፉ ላይ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አሰርኩበት። መርየም ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ቅጠሉ ካለበት ድርሽ እንዳትዪ፣ ቅጠሉ የተነሳ ቀን ተደፍኗል ማለት ነው፣ ያኔ እንደልብሽ ትሄጃለሽ አልኳት። ልጄ የነገሯትን አትረሳም።

ከዚያ የተማሪዎች ደህንነት ሳምንት የሚሉት ነገር መጣ። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ግቢው ሽር ጉድ ማለት ጀመረ። አጥሩ ቀለም ተቀባ። በሩ ጎን ሁለት እንጨት ተተክሎ ባነር ተወጠረ፤ «የልጆቻችን ደህንነት ከሁሉም ይቀድማል» ይላል። ባነር ለማሠራት ማንም ከአጥር ውጭ ነው አላለም።

በዕለቱ ጠዋት ጨርቅ ላመጣ ሜክሲኮ ሄጄ ነበር። ስመለስ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ልጆቹ አበባ ይዘው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ መርየምም መሃላቸው ናት። አንድ ነገር እንደጎደለ ዓይኔ አይቷል፣ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። የእንግዶቹ መኪና ሲቆም አስተማሪዋ ልጆቹን ወደ ፊት ጠጋ በሉ አለቻቸው። ያኔ ገባኝ። ቅርንጫፉ የለም።

ስሟን እየጠራሁ መንገዱን ተሻገርኩ። አልደረስኩም። መርየም ቄጠማውን ረግጣ እስከ ብብቷ ሰመጠች።

እኔና ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጎትተን አወጣናት። ነጭ ካልሲዋ ጠቁሯል፣ ፀጉሯ ላይ ምኑም የማይታወቅ ዝቃጭ ተለጥፏል፣ ቅልጥሟን የዛገ ብረት ዘልዝሎት ደሙ ከፍሳሹ ጋር ይወርዳል። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ነገሩኝ። ዳይሬክተሯ ቅርንጫፉ ቆሻሻ ይመስላል ብላ አስነቅላ፣ ጉድጓዱን በካርቶን አስሸፍና፣ ላዩ ላይ ቄጠማ አስበትናበታለች። ይቅር ቢሏት፣ እንግዶቹ እስኪያልፉ ነው ብላቸዋለች።

«ቅጠሉ የለም ነበር እኮ እማ» አለች መርየም። «የተደፈነ መስሎኝ ነው።»

ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጄ እንደታዘዘችው ነው ያደረገችው፤ ቅጠሉን ነቅለው ምክሬን ወጥመድ አደረጉት።

ፀዳለ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ መጣች። ልጅቷን አላየቻትም፤ የምታየው የእንግዶቹን መኪና ነበር።

«ዙሃራዬ፣ በጓሮ በር ይዘሻት ውጪ። እንግዶቹ እየወረዱ ነው።» ከዚያ ወደ ጽዳት ሠራተኞቹ ዞራ፣ ቶሎ ሌላ ካርቶን አምጡና ቄጠማውን መልሱት አለች።

ዙሃራዬ ስትለኝ የጉድጓዱ ሽታ ከሴትዮዋ ሽቶ ተሻለኝ። ከመቶ የሚበልጡ ልጆች እዚያው ቆመዋል፤ እሷ ጉድጓዱን እንደገና ልታለብሰው ነው።

መርየምን ለጋሽ ወልደ ሚካኤል አስታቅፌ የባነሩን አንድ እንጨት ነቀልኩና ጉድጓዱ ውስጥ ተከልኩት። ጨርቁ ተጠማዝዞ ቄጠማው ላይ ተዘረጋ።

«እንግዶቹ የመጡት ለደህንነት አይደል?» አልኳት። «ይኸውልዎ፣ ያሳዩአቸው።»

ልጄን አዘልኩና በዋናው መንገድ፣ በእንግዶቹ መሃል አለፍኩ። አንደኛው ሰውዬ ከእግሯ የሚንጠባጠበው እንዳይነካው ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ። ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ የለም። ኋላችን ልጆቹ እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ይዘምሩ ነበር።

ቅልጥሟ ተሰፋ። እኔ የሰው ልጅ ሁሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ፣ የእሷን ቆዳ ሲሰፉ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዎች ወደ ጉድጓዱ ሲመጡ ከስፌት መኪናዬ ሆኜ አየሁ። እፎይ፣ ሊደፍኑት ነው ብዬ ተነሳሁ። ባነሩን ነቅለው፣ ጭቃውን አራግፈው፣ ጠቅልለው ይዘውት ገቡ። ለከርሞ ይሆናል መሰለኝ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል አዲስ ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ፤ እኔም ቀይ ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ።