የኤርጫፎ ምክንያቶች

መምህር ጥዑመልሳን ሰው ለምን እንደሚሰርቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ክሪሚኖሎጂ ሲያስተምር ዓመታት አልፈውታል። ሌባ በአካል አግኝቶ ባያውቅም ለዚህ ለዚህ ተማሪ አለለት። በየዓመቱ የሕግ ተማሪዎቹን ወደ ማረሚያ ቤት ይሰዳቸዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ታራሚ አነጋግረው የወንጀሉን መንስኤ ከአንድ ንድፈ ሐሳብ ጋር ድረው ይመለሳሉ።

ኖላዊት ከደብረ ብርሃን አርባ ምንጭ የመጣችው ሕግ ልትማር ነው። የከተማውን ሙቀት ለመደችው፤ ውጤቷ ግን አልሞቅ ብሏት ገደል አፋፍ ላይ ቆማለች። ይህን ኮርስ ከወደቀች ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ፎቶ አንሺ ልትሆን ነው።

የደረሳት ታራሚ ኤርጫፎ ይባላል። ከከተማው አቅራቢያ የላንቴ ቀበሌ ሙዝ ገበሬ ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለ እርሻ የመስኖ ሞተር ሰርቀሃል ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈርዶበታል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣና ለስብሰባ የተጠራ ሰው መስሎ ተቀመጠ።

«የጥዑመልሳን ተማሪ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የቱን ትፈልጊያለሽ ልጄ? ድህነት ነው፣ የጓደኛ ግፊት ነው፣ አስተዳደግ ነው?»

«እርስዎ ይኼን እንዴት አወቁት?»

«አምና የመጣችው የጓደኛ ግፊት ወሰደች። ካቻምና አንዱ አባትህ ሰካራም ነበር ወይ አለኝ። አይጠጣም ስለው ፊቱ ጠቆረ፤ አሳዘነኝና ይጠጣል አልኩት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም።»

እንዲህ ያለ ታራሚ የት ይገኛል! ኖላዊት በልቧ ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ አጭር ስለመሰላትም ድህነትን መረጠች። ኤርጫፎ ብዕሯ ሲዘገይ እየጠበቀ አስጻፋት። «የመሬት ጥበት፣ የልጅ ብዛት። ይኼን ‹የኢኮኖሚ ጫና› በይው፤ መምህሩ ይወደዋል።»

ልትነሳ ስትል ለጽሑፉ ማሳመሪያ አንድ ነገር ጠየቀችው። «ሞተሩን ግን የት አደረጉት?»

«የቱን ሞተር?»

«የሰረቁትን ነዋ።»

«እኔ በምን አውቃለሁ? አልሰረቅሁም እኮ።»

ከልቧ ደነገጠች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ለምን ሰረቅህ ነው የሚሉኝ። ሰረቅህ ወይ ያለኝ የለም። የዚያን ዕለት ዶርዜ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አይቶኛል። ጠበቃዬን ያወቅሁት ፍርዱ ሲነበብ ነው።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ግን ይኼን እንዳትጽፊው፤ ማርክሽ ይበላሻል።»

ኖላዊት አፈረች። ለገዛ ማርኳ ስትል ሰውየውን በሕይወቱ ሙሉ ሌባ አድርጋው መውጣቷ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስለ እሷ ማርክ ይጨነቃል።

በቀጥታ ጥዑመልሳን ቢሮ ሄደች። መምህሩ በትዕግሥት አዳመጣት፤ ትዕግሥት ይዋጣለታል።

«ይኼ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ነው፤ እሱን አምና ወስደሻል። እኛ የምናጠናው መንስኤውን ነው።»

«ሰውየው ካልሠራው የምን መንስኤ አለው መምህር?»

«ኖላዊት፣ ድህነት ጥሩ ነው። በድህነቱ ግፊበት።»

አልገፋችበትም። «ታራሚው ድርጊቱን አልፈጸምኩም ይላል፤ ሳይጣራ መንስኤ መፈለግ ተገቢ አይደለም» ብላ ሰውየው የነገራትን ሁሉ ጽፋ አስገባች። ጥዑመልሳንም «ንድፈ ሐሳብ የለውም» ብሎ ጣላት። የምርቃቱ ነገር በዚያው አበቃ፤ ለእናቷ በስልክ ስትነግር አለቀሰች።

በሳምንቱ ይግባኝ ማስፈቀጃ አዘጋጅታ ማረሚያ ቤት ተመለሰች። መውደቋን ሲሰማ ኤርጫፎ በቁጣ ከወንበሩ ተነሳ። «ነግሬሽ አልነበር! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?»

«ይቀመጡ ጋሼ፤ ይግባኝዎን ልንጠይቅ ነው። የይግባኙ ጊዜ ስላለፈ ፍርድ ቤቱ ለምን እንደዘገዩ ማወቅ ይፈልጋል። ለምን ዘገዩ?»

ለሁሉም መልስ የማያጣው ሰው የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

«ሕግ የሚያውቅ ሰው አጥቼ» አለ።

ኖላዊት ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። እንዳለው አድርጋ ጻፈችው።