ከኋላ የተጫነው

ኦሊንካ በአውሮፕላኗ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስሌቱን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ሠርታው ሁለቴም ያው መልስ ወጥቷል፤ ሰው ግን ያልወደደውን መልስ ሲያገኝ ደግሞ መሞከሩ አይቀርም። የእያንዳንዱን ነገር ክብደት ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ባለው ርቀት አባዛች፣ ደመረች፣ አካፈለች። ጠቅላላው ክብደት ደህና ነው። ሚዛኑ ነው እንቢ ያለው፤ ከተፈቀደው መስመር አልፎ ወደ ጭራ ሸሽቷል።

የጭራውን ቦታ የያዙት የአማቷ የአጋፊያ አራት ባልዲዎች ናቸው፤ ሁለቱ የደረቀ የሳልመን ዓሣ፣ ሁለቱ የጫካ እንጆሪ። የአጋፊያ ልጅ ቤቴል ከተማ ወልዳለችና አራስ ጥየቃ መሄዳቸው ነው። በኩስኮክዊም ወንዝ ዳር ደግሞ ባዶ እጁን አራስ የሚጠይቅ ሰው ገና አልተፈጠረም።

«ኦሊንካዬ፣ እቺን ለእህቴ ጣል አድርጊልኝ፤ ትንሽዬ ናት» አለች ጎረቤቷ ናስታሲያ፣ አንድ ሙሉ የአጋዘን ታፋ ታቅፋ።

«ትንሽዬ? ይቺማ የራሷን ወንበር ትፈልጋለች! ወደ ቤትሽ መልሻት።»

ሊሸኙ የመጡት ሴቶች ሳቁ። ናስታሲያም ስቃ የአጋዘኑን ታፋ ይዛ ተመለሰች። ናስታሲያን መመለስ ቀላል ነው። ኦሊንካ ወደ ፊተኛው ወንበር ተጠጋች፤ አጋፊያ ሻሿን አጥብቃ፣ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ሁለቱን ባልዲ ነገ ተመልሼ ብወስዳቸውስ?»

«አራስ ዛሬ እንጂ ነገ ነው እንዴ የምትበላው? ኢቫን አንድም ቀን መልሶብኝ አያውቅም።»

ኢቫን የአጋፊያ ልጅ፣ የኦሊንካም ባል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከዚሁ ጠጠር ሜዳ ተነስቶ ወንዙን ሳይሻገር ወድቆ ሞተ። ነፋስ ነው ተባለ። መንደሩ ነፋስ አለ፣ ቄሱም ነፋስ አሉ። ኢቫን እርሳስና ወረቀት አይወድም ነበር፤ ጭራውን በእጁ ጫን አድርጎ «ትነሳለች» ይላል፣ አለቀ። እሷ በኋላ በረራ ስትማር፣ የመጀመሪያውን እውነተኛ ስሌት የሠራችው በእሱ የመጨረሻ ጭነት ነው። የእናቱ ባልዲዎች ካሉ ሚዛኑ ከመስመር ውጭ ነው። ከወጡ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለእናት እንዴት ብሎ ይነገራል?

ዛሬ «ይከብዳል» ማለት ደግሞ ያንኑ መናገር ነው። ፈራች። መብረሩንም ፈራች፣ መናገሩንም ፈራች፤ ከሁለቱ መናገሩ ባሰባት። እናም ሃምሳ ፓውንድ ብላ የጻፈችውን የእያንዳንዱን ባልዲ ክብደት ሰርዛ ሠላሳ አደረገችው። ወረቀቱ ወዲያው ተስማማ። ባልዲዎቹ ግን አልሰሙም።

ሞተሩን አስነስታ ወደ ሜዳው ጫፍ መንዳት ጀመረች። የፊቱ ጎማ መሬቱን በወጉ አልረግጥ አለ፤ በየጉድጓዱ አፍንጫው ብድግ ይላል፣ ይዘገያል፣ ይወርዳል። ብድግ ባለ ቁጥር የኦሊንካ ልብ አብሮ ብድግ አለ። ጫፉ ላይ ደርሳ አዞረች። ከፊቷ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወዲያ ወንዙ። እጇን ወደ ነዳጅ መስጫው ላከችና እዚያው ደረቀች። ከዚያ ሞተሩን አጠፋችው።

«ምነው?» አለች አጋፊያ።

«አልችልም እማማ። ከኋላ በዝቷል። በውሸት ነው የጻፍኩት።»

አጋፊያ በኦሊንካ ጭን ላይ ያለውን ወረቀት፣ የተሰረዘውን ሃምሳ አየች። ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የመራች ሴት ናት፤ ቁጥር አያስደነግጣትም።

«ያን ቀንም ሁለት ባልዲ ጭኜበት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ያን ቀን ነፋስ ነበር እማማ።»

«ነፋስ እዚህ ወረቀት ላይ የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?»

ኦሊንካ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እያየሽኝ ንገሪኝ። የኔ ባልዲ ባይኖር ይነሳ ነበር?»

«እማማ…»

«ይነሳ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ይነሳ ነበር።»

አጋፊያ ራሷን ነቀነቀች፤ ለረጅም ጊዜ ነቀነቀች። ቀበቶዋን ልትፈታ ሞክራ ጣቶቿ እንቢ ሲሏት ኦሊንካ ፈታችላት። አሮጊቷ በሩን ይዛ ወረደች፣ ዞራ የጭነቱን በር ከፈተች፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ጎትታ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠች። ኦሊንካ ልታግዛት ብትቀርብ በክርኗ ገፋቻት። ሁለተኛውን አወረደች።

«ሁለቱ ይበቃሉ እማማ» አለች ኦሊንካ። «አሁን ትነሳለች።»

አጋፊያ አራቱንም አወረደች።