ትርፍ ሽቦ

ልብስ ሰፊዋ የተንጠለጠለ ክር ካየች እጇን ይበላታል። ታክሲ ውስጥ እንኳ ከፊቷ የተቀመጠ የማታውቀው ሰው ኮሌታ ላይ ክር ካገኘች፣ ከአንገቷ የማትለየውን ትንሽ መቀስ ይዛ ጎንበስ ትላለች። አንዱማ ሌባ መጣችብኝ ብሎ ጮሆባታል። እሷ ግን መች ተማረች! ጉድ የሠራትም ይኸው አመሏ ነው።

አባቷ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከቆርቆሮና ከአሮጌ ሞተር ከጫማ የማትበልጥ ባቡር ሠርተው፣ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተው እንደ ልጅ ሲጫወቱ ከረሙ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም አብሮ ተዘጋ። ቢጠሯቸው ዞር አይሉም፣ ቢያጫውቷቸው ፊታቸው አይፈታም። አልጋቸው ግርጌ ባቡሯ ስትዞር ብቻ ዓይናቸው አብሯት ይዞራል። ለልጃቸው ያ ዓይን ሁሉ ነገሯ ነበር፤ «አባባ አሉ» የምትለው እሱን ይዛ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ግን አያምናትም። ሾፌር ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። አባቷን ስታገላብጥ ወገቧ እንደተቆረጠ አይቶ፣ የሕሙማን መጦሪያ አፈላልጎ አገኘ።

«አባባ የሉም እኮ፣ እህቴ» አላት። «አንቺም አብረሽ ልታልቂ ነው።»

«እሁድ ናና ባቡሯ ስትዞር ዓይናቸውን እይ። ካልተከተሏት ውሰዳቸው።»

«ከተከተሏት አፌን ይዤ እመለሳለሁ» አለ።

ቅዳሜ ዕለት ባቡሯ ቀጥ አለች። ልብስ ሰፊዋ ገልብጣ ብታያት፣ ከፊት ጎማዋ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቀጭን ሽቦ ከመጋጠሚያው ተላቅቋል። አባቷ ሲበይዱ ስታይ ነው ያደገችው፤ መበየጃቸውን አውጥታ አጋለች። ሽቦው ግን ከልክ በላይ ረዝሞ ከባቡሯ ሆድ ሥር ተንዘላዝሎ አገኘችው።

«ውይ አባባ፣ ምነው እንዲህ አዝረከረኩት?» ብላ ሳቀች። ትርፉን በመቀሷ ቆረጥ አድርጋ፣ የቀረውን ወጥራ በየደችው። ልቅም ያለ ሥራ ነበር። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ትንሽ አስኬደቻትና፣ አባቷ እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር የቀረውን ለነገ አለችው።

እሁድ ወንድሟ መጣ። አባቷን በትራስ ደግፋ ባቡሯን ለቀቀቻት። ዓይናቸው ተከተላት! ወንድሟ ወንበር እየሳበ ነበርና አላየም። ባቡሯ መታጠፊያው ላይ ደርሳ ቆመች። መልሳ ከመነሻው አስነሳቻት፤ እዚያው ቆመች።

አሁን አባቷ ባቡሯን ትተው እሷን ነበር የሚያዩት። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጠም አድርገው ከፈቱ። ደግመው ገጥመው ከፈቱ።

«ውሃ ነው አባባ?» እጇን ሰጠቻቸው። የያዘችውን እጃቸውን አስለቅቀው እንደገና ገጥመው ከፈቱ።

«ጅማት ነው» አለ ወንድሟ። «እጃቸው በራሱ እንደሚንቀሳቀስ ሐኪሙ ነግሮን የለ?»

«እባክሽ፣ አንዴ ብቻ!» ልብስ ሰፊዋ ባቡሯን ለመነቻት። ገፋቻት፣ መታቻት፤ ባቡሯ ግን መታጠፊያውን አላልፍ አለች። ወንድሟ ከወንበሩ ተነሳ። የእሱም ዓይን ቀልቷል።

«ይበቃል፣ እህቴ።»

ቃሏን ሰጥታለች። ወንድሟ አባቱን አቀፋቸው። «እሺ አባባ፣ እሺ፣ ጎበዝ» እያለ ሲያወጣቸው፣ ያ እጅ በትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ይገጥማል፣ ይከፍታል።

መጦሪያው አድርሳቸው ስትመለስ ባቡሯ የቆመችበት ነበረች። አንስታ የፊት ጎማዋን በጣቷ ወደ ጎን አጠፈችው። የተወጠረው ሽቦ ከብየዳው ብድግ አለ። ጎማውን ስታቃናው ሽቦው ተመልሶ ተቀመጠ። አባቷ ያን ሁሉ ሽቦ የተዉት ለካ ጎማው እንዲታጠፍበት ኖሯል!

ሽቦውን በሁለት ጣቷ ይዛ ለቀቅ አደረገችው። ገጠም፣ ከፈት። የገዛ እጇ የአባቷን ምልክት ሲሠራ አየችው።

«አላልተሽ ሥሪው ነበር የሚሉኝ!» ብላ ጮኸች፣ በባዶ ቤት።

ሌላ ሽቦ ፈልጋ፣ ተንዘላዝሎ እንዲቀር አድርጋ በየደችው። ባቡሯ መታጠፊያውን አልፋ ባዶው አልጋ ፊት ዞረች። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ሳትጠርግ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«አባባ እኮ አውቀውታል! ሽቦው ተወጥሮ እንደነበር አውቀው በእጃቸው ነገሩን፤ ዓይናችን እያየ ነገሩን! አሁን ሄደን እናምጣቸው።»



«እሺ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ። «እሺ፣ ጎበዝ። አሁን አረፍ በይ።»