ሚስተር ኦልደን ስለ እጅ የሰበኩት

ሳጉሬ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ስድሳኛ ዓመቷን ልታከብር ሁለት ወር ሲቀራት ከባሕር ማዶ አንድ ኢሜይል መጣ። የላከችው የመሥራቹ የሚሲዮናዊው የሚስተር ኦልደን የልጅ ልጅ ናት። አያቷ አርሲ ሳሉ ለእናታቸው የጻፏቸውን አርባ አንድ ደብዳቤዎች አግኝታ፣ «ለበዓላችሁ ስጦታ ይሁንልኝ» ብላ ላከቻቸው። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ሌዊ ደስታውን አልቻለውም።

«ኤፊ፣ አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት አይደለሽ? ወደ አማርኛ መልሺልንና መጽሔታችን ላይ እናወጣዋለን፤ በበዓሉም ዕለት ይነበባል» አላት ኤፍራታን። እሺ ለማለት አፍታም አልፈጀባት።

ሚስተር ኦልደንን ሳጉሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ክሊኒኩን የከፈቱት፣ የውሃ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት፣ የስንቱን ጥርስ የነቀሉት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሚወደዱት በአንድ ስብከታቸው ነው። በአጨዳ ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ ሕዝቡን ትክ ብለው አይተው፣ «እጃችሁን አይቼ ነው እግዚአብሔር ሠራተኛ መሆኑን ያወቅሁት» አሉ፤ ምእመኑም አለቀሰ። ኤፍራታ ልጅ ሳለች ይህን ቃል ሕዝብ ፊት በቃሏ ተናግራ እርሳስና ማስመሪያ ተሸልማለች። አቶ ሌዊም ቃሉን ከነቀኑ ከሚስተር ኦልደን ፎቶ ሥር በትልቅ ባነር አሳትሞ፣ አላረካው ቢል መቶ ሃምሳ ቲሸርት ላይ ደገመው።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ስለ ብርዱና ስለ በቅሎው ነበሩ። ስድስተኛው ግን፣ «የእነዚህ ሰዎች አእምሮ የሕፃን ነው፤ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ እንዲሁ ነው» ይላል። ኤፍራታ መነጽሯን ወልውላ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ብዕሯን አንስታ፣ «እነዚህ ሰዎች ልባቸው የሕፃን ነው» ብላ ጻፈች፤ ጥቁር የሚለውን ዘለለችው። ልበ ሕፃን መሆን በቤተ ክርስቲያን ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም ብላ ራሷን አጽናናች። ዘጠነኛው ላይ «ሰነፎች» የሚለው «የተረጋጉ» ሆነ። አሥራ አራተኛው ላይ «ይሸታሉ» የሚለው «ከከብቶቻቸው ጋር እጅግ የተቀራረቡ ናቸው» ሆነ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ግን መላ ጠፋት።

«ዛሬ ስለ ቆሻሻ እጃቸው አጥብቄ ገሠጽኳቸው» ይላል። «እንዲህ ባለ እጅ የእግዚአብሔርን ቤት በር እንዳይነኩ ነገርኳቸው። ሁሉም አለቀሱ። ሲቆጧቸው ይሰማሉ። አስተርጓሚዬ ኢዶሳ እንደ በቀቀን ያልኩትን ሁሉ ይደግማል፤ ከራሱ የሚያመነጨው አንዳች ሐሳብ የለውም።»

ቀኑን ተመለከተች። ባነሩ ላይ የታተመው ያው እሑድ ነው። እዚህ ላይ ኤፍራታ ሳይታወቃት ከአንቱታ ወረደች። «አንተ ሰውዬ» አለች ለኮምፒውተሩ፣ «ምንድን ነው ያልከው?»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አባባ ኢዶሳ ቤት ሄደች። አባባ ኢዶሳ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚስተር ኦልደንን ስብከት ወደ ኦሮምኛ ያስተረጉሙ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የዘር ድንች ይመርጣሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ?»

«ፈያ፣ ፈያ። ነይ ተቀመጪ። የሚስተር ኦልደን ደብዳቤ መጣ አሉ፤ እስቲ አንብቢልኝ።»

ኤፍራታ ደብተሯን ከፍታ የራሷን ትርጉም ማንበብ ጀመረች። ልበ ሕፃን አለች፤ የተረጋጉ አለች፤ ከብቶቹ ጋ ስትደርስ አባባ ኢዶሳ የያዙትን ድንች አስቀመጡ።

«እንግሊዝኛውን አንብቢው።»

«ያው ነው እኮ፣ አባባ።»

«ያው ከሆነ አንብቢዋ።»

ከስልኳ አነበበች። አሥራ ሰባተኛው ላይ የመጨረሻውን ልትዘለው ብትሞክርም፣ እሳቸው አንገታቸውን አስግገው የራሳቸውን ስም አይተዋል።

«ይሄ የጠሩኝ ነገር ያቺ የምታወራዋ ወፍ ናት?»

«አዎ… በቀቀን።»

አባባ ኢዶሳ ድንቹን አንስተው አገላበጡት። «ዘጠኝ ዓመት አንድ ገበታ ቀርበናል» አሉ። ድንቹን ከተመረጡት ጋር ጣሉትና ሳቅ አመለጣቸው።

«በቀቀን ብሆንማ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ይቀር ነበር። ያን እሑድ በእጃችን ተቆጡ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው አጎቴ ነው፣ አክስቴ ናት፤ እጃቸው የተሰነጣጠቀው ሳምንቱን ሲያጭዱ ከርመው ነው። ምን ልበላቸው? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።»

«ታዲያ ‹እጃችሁን አይቼ› የሚለው…»

«የእኔ ነው። ሰዉ ሲያለቅስ እሳቸው ንስሐ የገባ መስሏቸው ደስ አላቸው። እኔንም ደስ አለኝ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩንም?»

«ያኔ ብናገር ሰዉ ክሊኒኩን ይሸሸው ነበር፤ ልጅ በኩፍኝ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ክሊኒኩ እውነት ነበር፣ ኤፊ። ምጥ ለጠናባት ሴት በዚያ ዝናብ በበቅሎ ሲሄዱ አይቻለሁ። በኋላማ…» ትንሽ አመነቱ፤ «በኋላማ ስብከታቸው ሲወደስ መስማቱ ጣመኝ። የሚወደሰው እኔ ነኛ!» ከዚያ ደብተሯን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «አንቺም ሙያውን ይዘሽዋል። ‹ከከብቶቻቸው ጋር የተቀራረቡ›! ይሄ ለእኔም አይመጣልኝም ነበር።»

ኤፍራታ አፈረች። ቤቷ ገብታ ያለሰለሰችውን ሁሉ ሰርዛ እንዳለ ተረጎመችና ለአቶ ሌዊ ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያ ያለው፣ «ቲሸርቱ ታትሟል እኮ» ነው። ቀጥሎ፣ «ባይነበብስ?» አለ።

«እንግዲያው ስለ ውሃ ጉድጓዱ የጻፈውም አይነበብ» አለችው።

ሦስት ቀን ተሟገቱ። በመጨረሻ ሁለቱም፣ የጉድጓዱም የእጁም፣ እንዲነበቡ ተስማሙ።

በበዓሉ ዕለት ኤፍራታ በአማርኛ አነበበች፤ አባባ ኢዶሳ በኦሮምኛ አስተረጎሙ። አንዲት ቃል አላለሰለሱም። በቀቀኑንም አልዘለሉም። ከዚያም ያን እሑድ ሚስተር ኦልደን ምን እንዳሉ፣ እሳቸው ደግሞ ምን ብለው እንደ ተረጎሙ ራሳቸው ተናገሩ።

ከፊት ወንበር እማማ ወርቅቱ ተነሡ። ያን እሑድ ካለቀሱት መካከል እሳቸው አንዷ ናቸው።

«ኢዶሳ፣ ስድሳ ዓመት አታለልከኝ።»

«አዎ፣ አታለልኩሽ።»

«ሚስተር ኦልደን ሲያጋቡኝ ‹እሺ› ያስባልከኝስ? እሱም ያንተ ነው?»

«እሱን በትክክል ነው የተረጎምኩት። በባልሽ የለሁበትም።»

ሕዝቡ ሳቀ። እማማ ወርቅቱ አልሳቁም። «እንደ ናቁኝ ባውቅ እኔም ልክ ልካቸውን እነግራቸው ነበር። አፌን ነው የነጠቅኸኝ» አሉ።

አባባ ኢዶሳ ባርኔጣቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና፣ «ይቅር በይኝ» አሉ።

እማማ ወርቅቱ ባነሩን አዩና፣ «ፎቶው ይቆይ፤ በኩር ልጄን አትርፈውልኛል። ቃሉ ግን ከፎቶው ሥር ይነሣ፤ የእሳቸው አይደለም» አሉ። አቶ ሌዊ መቀስ ፈልጎ ባነሩን ከወገቡ ቆረጠው። ቲሸርት የለበሱት ምን ያድርጉ? ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆለፉ።

ለሚቀጥለው እሑድ፣ አባባ ኢዶሳ ራሳቸው ይስበኩ ተባለ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን መድረክ ላይ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሚስተር ኦልደን ይቆሙበት ወደነበረው ወደ ግራቸው ገልመጥ አሉ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገሩና ጸልየው ወረዱ።

«ምነው አባባ፣ አጠረብን?» አለቻቸው ኤፍራታ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን ይዛ።

«የማስተካክለው ነገር አጣሁ» አሉ።

ከኋላ ይከተሉ የነበሩት እማማ ወርቅቱ ሰሙ። «ግድ የለም፤ ለሚመጣው እሑድ እኔ አጠገብህ ቆሜ እሳደብልሃለሁ» አሏቸውና ቀድመዋቸው ወረዱ።