አፉ ያላለው ሰው

«ሁሉም አፉ ሲላቸው አንዱ ብቻ ዝም አለ አሉ።»

ኡምኩልሱም የውሃውን ጆግ እንደያዘች ቆመች። ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ስለሰጧት አላዩዋትም።

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«ያ አስፋልቱ ዳር ያለው በያጅ ነዋ፣ ቶፊቅ። ሸህ ዘይኑ ጀናዛው ፊት ቆመው ‹ሀቅ ያለው ይናገር፣ የቀረነው አፉ እንበላቸው› ሲሉ ሰው ሁሉ ‹አፉ ብለናል› አለ። እሱ ወላሂ ከንፈሩን አላነቃነቀም።»

«ሱብሃነላህ! ለቁርኣን ያበቁትን ሸህ?»

ኡምኩልሱም ጆጉን አስቀምጣ ወጣች። አባቷ ሸህ ሙሀመድአሚን ከተቀበሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ይጽናናል እንጂ አይንከላወስም፤ እሷ ግን እግሯ እሺ አላላትም። የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች፤ የተነጠፈ ምንጣፍ አንስታ ታራግፋለች። ዘመዶቿ ሐዘኑ ጠንቶባት ነው ይላሉ። ጠንቶባታል፣ ውሸት አይደለም። ነገር ግን አባቷ የሞቱ ዕለት ከሳጥናቸው አውጥታ በደረቷ የሸጎጠችው ወረቀት አለ፤ እሱ ነው መቀመጫ ያሳጣት።

አባቷን ትወድ ነበር። ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እሷን ወባ ሲይዛት መኪና ቢጠፋ ከጨፋ እስከ ከሚሴ በጀርባቸው አዝለው ያመጧት ሰው ናቸው። ያኔ ጨፋ ሮቢት ቁርኣን ያስቀሩ ነበር። ደረሶቹ፣ ማለትም ከየገጠሩ ለቂርኣት የመጡት ልጆች፣ እነሱው ቤት ይኖሩ ነበር። ቶፊቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሲሆን ከእሷ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላ ነበር። አንድ ሰሞን መብላት ተወ። ዝናብ እየወረደበት ደጅ ይቀመጣል፤ ግባ ሲሉት አይገባም። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «እማ፣ ቶፊቅ አባዬን ይፈራል» ስትላት እናቷ አፏን በመዳፏ አፈነችው።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። ሰንጋ ታረደ። የቶፊቅ አባት ብድግ ብለው «ስለ ልጄ አፉ ብያለሁ» አሉ፤ ዱዓ ተደረገ፤ የዕርቅ ወረቀት ተጽፎ ሽማግሌዎቹ ፈረሙበት። በወሩ እነ ኡምኩልሱም ከሚሴ ገቡ፣ አባቷም ሌሎች ልጆች ተሰጧቸው። ለእነዚያ ልጆች ወላጆች ማንም ትንፍሽ አላለም። ኡምኩልሱም ካደገች በኋላ ነው የገባት። አባቷ ልጁን አስነውረውታል፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ እያወቁ ሌሎች ልጆች መሃል አስቀምጠዋቸዋል። ከቶፊቅ ሌላ አምስት ሰዎች እነሱም በልጅነታቸው እንደተበደሉ ኋላ ላይ ተናግረዋል።

ወንድሟ በድሩ ከጓሮ አገኛት።

«ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት የታለ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«አምጪው፣ ዛሬውኑ ይቃጠል። ፖሊስ እንኳ የእነ ቶፊቅን አቤቱታ ጊዜው በይርጋ አልፏል ብሎ ዘግቶታል። አሁን ደግሞ ሞተዋል። ሙት ላይ ምን ይፈርዳሉ?»

«ሙት ላይ አይደለም አሉ እኮ። የእነሱ ጠበቃ ረቢአ ነግራኛለች። አገሪቱ የአፍሪካን የሕፃናት መብት ቻርተር ፈርማለች፤ ልጆቹ ሲበደሉ መንግሥት ለምን በሽምግልና እንዲዘጋ ተወ፣ እነማንስ ደበቁት ተብሎ የአፍሪካ የሕፃናት መብት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ማስረጃ ግን የላቸውም። ያለው ይሄ ብቻ ነው።»

«ስማችን በአፍሪካ ፊት ይዙር ነው የምትይው?» ክንዷን ያዛት። «አባታችን ናቸው እኮ፣ ኡሙ።»

አባቷ መሆናቸውን ማን ይንገራት።

ደጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻቸው ወደተቀመጡት ወደ ሸህ ዘይኑ ሄደች።

«ሸህ፣ አባት ስለ ልጁ አፉ ማለት ይችላል?»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ሀቅ የባለቤቱ ነው፣ ልጄ። ባለቤቱ ካላለ አልተባለም።»

«ያኔስ ታዲያ? እርስዎም ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ። ሦስተኛው ስም የኔ ነው።» አንገታቸውን ደፉ። «ሰላም ያወረድን መስሎን ነበር። ልጁን ጠርቶ የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ባለፈው መቃብሩ አፋፍ ላይ ዝም ሲል አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥልህ ብሎኛል።»

«ወረቀቱ ከወጣ እርስዎንም ይጠይቁዎታል።»

«ይጠይቁኝ። ሀዬ፣ ሂጂ ውሰጂላቸው።»

ሐዘንተኛ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ከቤት አይወጣም። ኡምኩልሱም ግን ሻርፗን አጥብቃ በጓሮ በር ወጣች፤ ያገኘችውን ባጃጅ ይዛ ወደ አስፋልቱ ወረደች።

ቶፊቅ የበር ፍሬም ይበይድ ነበር። ሲያያት መነጽሩን አወለቀ።

«ኡሙ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለ። ከልቡ ነበር።

ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችለት። እጁ ላይ ሳይደርስ ግን ያዝ አደረገችው። መንገዱን ሙሉ ስታስበው የመጣችው ይህንኑ ነበር።

«እሰጥሃለሁ። አንተም አፉ በላቸው። በቃ፣ እንዲህ እንጨርሰው።»

ቶፊቅ የብየዳ ማሽኑን አጠፋው። የጭነት መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

«ያኔ አባቴ ብሎልኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

«አሁን እኔ እየጠየቅሁህ ነው።»

«አዎ፣ ጠይቀሽኛል። ስለዚህ ልመልስልሽ። አልልም።» አልተቆጣም። «አንድ ቀን እል ይሆናል፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ዛሬ አልልም። ወረቀቱን ይዘሽ ልትመለሺ ብትፈልጊ አልቀየምሽም።»

ኡምኩልሱም ተናደደች። ያፈረችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷን ልታድን መጥታ እሷም እንደ እነዚያ ሽማግሌዎች ልትዋዋለው ነበር። ጣቶቿን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

ቶፊቅ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከመሳቢያው ጠበቃዋ ረቢአ የተወችለትን ቅጽ አወጣ።

«ከማን ቤት እንደተገኘ የሚመሰክር ያስፈልጋል ብላለች። ሙሉ ስም ይላል።»

የብረቱን ጠረጴዛ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ቅጹን አስተካከለች። «እኔ ኡምኩልሱም» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶው ቆመ። የአባት ስም ይቀራል። መሥሪያ ቤት «ሙ/አሚን» ብላ አሳጥራ ነው የምትፈርመው። ዛሬ አላሳጠረችም። ልጅ ሆና እሳቸው ሉሕ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ እጇን ይዘው እንዳስጻፏት ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ «ሙሀመድአሚን» ብላ ጻፈች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ እንዳያበላሸው ወረቀቱን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።